ደወሉን የሰማው ሰው

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ ሌሊት ታሪክ ነው።

ሌሊቱ ጥር 16 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 24 ቀን 1975። ከዚህ ወዲያ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ዕለቱ ዓርብ፣ በእኛ አገር ጥምቀት ካለፈ አምስተኛ ቀኑ። ታሪኩ የተፈጸመበት አገር ግን ሩቅ ነው፤ ጀርመን፣ ራይን ወንዝ ዳር፣ ኮሎኝ ከተማ። የሰብአ ሰገል አፅም አርፎበታል ተብሎ የሚታመነው፣ ጥንድ ሾጣጣ ግንቦቹ ከሩቅ የሚታዩት ካቴድራል ያለባት ከተማ ናት። ከካቴድራሉ በእግር ብዙ በማያስኬድ ርቀት ላይ የከተማዋ ኦፔራ ቤት ይገኛል።

ሰዓቱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የዕለቱ ኦፔራ ታይቶ አልቋል። የኦፔራው ተመልካች ወጥቶ ሌላ ተመልካች ገብቷል፤ ከ1,400 በላይ ሰው ወንበር ወንበሩን ይዟል። መድረኩ ላይ አንድ ፒያኖ ብቻ ቆሟል። ከበሮ የለ፣ ቤዝ የለ፣ ሳክስፎን የለ። በዚህ መሐል የቤቱ ደወል ጮኸ። “ልንጀምር ነውና ግቡ” የሚለው፣ በየምሽቱ የሚጮኸው፣ ከተለመደ በኋላ ማንም ልብ የማይለው ደወል ነው።

አንድ ሰው ግን ልብ ብሎታል።

ይህን ደወል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ታሪኩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

በዚያች ከተማ ቬራ ብራንደስ የምትባል ልጅ ነበረች። ልጅ ያልኳት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገና 18 ዓመቷ ነው። እኩዮቿ ስለ ፈተና ሲጨነቁ እሷ የጃዝ ሙዚቀኞችን ካሉበት እያስመጣች ኮንሰርት ታዘጋጃለች። በጊዜው በመላው ጀርመን በዕድሜ ከእሷ የሚያንስ የኮንሰርት አዘጋጅ አልነበረም። ዓይኗን የጣለችው ደግሞ በኦፔራ ቤቱ ላይ ነው። ቤቱ ከተከፈተ ከ1957 ጀምሮ ጃዝ በሩን አልፎ አያውቅም። ለመነች፣ ተመላለሰች፣ በመጨረሻ ተፈቀደላት። የተፈቀደላት ሰዓት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ኦፔራው ካለቀ በኋላ፣ ደህና ሰው ወደ መኝታው የሚያዘግምበት ሰዓት። “ይሁን” አለች። ትኬቱን በ4 የጀርመን ማርክ አቀረበች፤ ተማሪም ከኪሱ አውጥቶ ሊከፍለው የሚችል ዋጋ ነው። ትኬቱ ተሸጦ አለቀ።

የጋበዘችው ሰው ኪት ጃሬት ይባላል። በ1945 አሜሪካ ውስጥ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ አለንታውን በምትባል ከተማ ተወለደ። ፒያኖ ፊት የተቀመጠው በሦስት ዓመቱ ነው፤ በሰባት ዓመቱ ሰው ሰብስቦ መድረክ ላይ ተጫወተ። ካደገ በኋላ ከአርት ብሌኪ፣ ከቻርልስ ሎይድ፣ ቀጥሎም ከታላቁ መለከት ነፊ ከማይልስ ዴቪስ ጋር ሠርቷል። ማይልስ ዘንድ የሚጫወተው በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን ኪቦርዶች ነበር። ከዚያ ሲወጣ ግን ኤሌክትሪኩን እዚያው ትቶት ወጣ፤ ፊቱን ወደ እንጨቱና ወደ ሽቦው፣ ወደ ፒያኖው መለሰ።

በ1971 ኖርዌይ፣ ኦስሎ ውስጥ፣ በአንድ ቀን የስቱዲዮ ሥራ የመጀመሪያውን የብቻ የፒያኖ አልበሙን ቀረጸ። ያስቀረጸው ማንፍሬድ አይሸር ነው፤ በ1969 ሙኒክ ውስጥ ኢ.ሲ.ኤም. የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ የመሠረተው ሰው። ሁለቱ ተግባቡ። በ1973 ጃሬት በጀርመን ብሬመንና በስዊዘርላንድ ሎዛን ብቻውን የተጫወታቸውን ሁለት ኮንሰርቶች በሦስት ሸክላ አወጡ።

አሁን የዚህን ሰው አሠራር ልብ በሉልኝ። ጃሬት ለእነዚህ የብቻ ኮንሰርቶቹ ወደ መድረክ የሚወጣው ባዶ እጁን ነው። ኖታ የለውም። “መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ያንን” ብሎ ያሰናዳው ዜማ የለውም። ተቀምጦ እጁን ቁልፎቹ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው እዚያው፣ በሰው ፊት የሚሆን ነው።

ይህን ለማስረዳት የቅኔ ቤት ሰው ፊት ብቆም ብዙ ቃል አላባክንም ነበር። ባለቅኔ ማኅሌት ላይ ሲቆም ያለፈውን በዓል ቅኔ ይዞ አይመጣም። ለዕለቱ የሚሆነውን አዲስ ይቀኛል፣ ተቀኝቶም ያልፋል፤ የትናንቱን መድገም ነውር ነው። ታዲያ ባለቅኔው አንድ የሚያግዘው ነገር አለ፤ ልኩን ያውቃል። ጉባኤ ቃና ከሆነ ሁለት ቤት ነው፤ ሥላሴ ከሆነ ስድስት። ቤቱ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚመታ ያውቃል። የልኩ ጥበት ነው አሳቡን የሚስለው።

ለጃሬት ግን ልክ የሰጠው የለም። ከፊቱ ሰማንያ ስምንት ቁልፍና ባዶ ሌሊት ነው ያለው። በዚያች የኮሎኝ ሌሊት ልኩን ማን እንደሰጠው ነው እንግዲህ የምነግራችሁ።

ጃሬትና አይሸር ኮሎኝ የገቡት በመኪና፣ ከስዊዘርላንድ ዙሪክ ተነሥተው ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። መኪናዋ ሬኖ 4 ነበረች። ሬኖ 4ን ያየ ያውቃታል፤ ጠንካራ ናት፣ ነገር ግን ጠባብ ናት፤ ወገብ ለሚያመው ሰው አትሆንም። ጃሬት ደግሞ ወገቡን እያመመው፣ ወገብ መደገፊያ ታጥቆ ነበር የሚጓዘው። እንቅልፍም ከራቀው ቀናት ተቆጥረዋል። ከሰዓት በኋላ አመሻሹ ላይ ከኦፔራ ቤቱ ደረሱ።

መድረኩ ላይ ወጥተው ፒያኖውን አዩት።

ጃሬት ጠይቆ የነበረው ቦዘንዶርፈር ኢምፔሪያል የሚባለውን ነው። ኦስትሪያ የሚሠራ፣ ርዝመቱ 290 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግዙፍ ፒያኖ ነው። ሌላው ፒያኖ 88 ቁልፍ ሲኖረው ይህኛው 97 አለው። የተጨመሩት ዘጠኙ በግራ በኩል፣ ከወፍራሞቹ ድምፆች ሥር የተደረደሩ ናቸው፤ የተጫዋቹ እጅ እንዳይሳሳት ነጭ መሆን የነበረባቸው ሳይቀሩ ጥቁር ተቀብተዋል። እነዚያ ቁልፎች ባይነኩም እንኳ ረጃጅም ሽቦዎቻቸው አብረው ስለሚያስተጋቡ ሌላው ድምፅ ሁሉ ይሞላል። አዳራሽ ከዳር እስከ ዳር የሚያነቃንቅ ፒያኖ ነው።

መድረኩ ላይ የቆመው ግን ሌላ ነበር። የቤቱ ሠራተኞች ተሳስተው ከመድረክ ጀርባ ያገኙትን ሌላ ቦዘንዶርፈር ነው ገፍተው ያመጡት። ስሙ አንድ ነው፤ ነገሩ አንድ አይደለም። ይህኛው ትንሽ ፒያኖ ነው፤ ለልምምድ ብቻ የሚያገለግል፣ ብዙ እጅ ያለፈበት፣ ተንከባካቢ ያጣ። በቀኝ በኩል ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላሉ። በግራ በኩል ያሉት ወፍራሞቹ ጉልበት የላቸውም፤ ሲመቱ ብቅ ብለው ወዲያው ይሰጥማሉ። ፔዳሎቹም በወጉ አይሠሩም። ፔዳል ማለት እጅ ከቁልፉ ከተነሣ በኋላ ድምፁን አንሳፎ የሚያቆየው ነው፤ እሱ ከሌለ ድምፅ ከእጅ ጋር አብሮ ይሞታል።

ስሕተቱ ሲታወቅ ጊዜው መሽቷል። ትክክለኛውን ፒያኖ ለማድረስ የሚበቃ ሰዓት አልነበረም። ቬራ በኋላ ዘመን ደጋግማ እንደተረከችው፣ ከሌላ ቦታ ፒያኖ ለማምጣት አስባ ነበር፤ ፒያኖ ቃኚው ግን ከለከላት። ውጭው ዝናብና ብርድ ነው፤ በዚያ ላይ የሚጓዝ ፒያኖ ከዚያ ወዲያ ፒያኖ አይሆንም አላት።

ጃሬትም አልጫወትም አለ። በእኔ ግምት ትዕቢት አልነበረም። ወገቡ ታሟል፣ እንቅልፍ የለውም፣ ባዶ እጁን ይዞ የሚተማመንበት አንድ ነገር ፒያኖው ነበር፤ እሱም አልሆነም። ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ።

እስቲ እዚህ ላይ ልጅቷን አስቧት። ከ1,400 በላይ ሰው ትኬት ቆርጧል። ኦፔራ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጃዝ በሩን ከፍቷል፤ ይህ ከተበላሸ ሁለተኛ አይከፍትም። እሷ እንደምትናገረው ተከትላው ወጣች፤ ዝናቡ እየወረደባት መኪናው አጠገብ ቆማ ለመነችው። ጃሬት በመስኮቱ አያት፤ አንዲት የበሰበሰች ልጅ። ጥቂት ዝም ብሎ እሺ አላት። እሺ እንዲል ያገዘ ሌላም ነገር ነበር። የኢ.ሲ.ኤም. የድምፅ ባለሙያ ማርቲን ዊላንድ መቅረጫውን ይዞ መጥቶ ማይክሮፎኖቹን ተክሏል። መሣሪያው ከተዘረጋ አይቀር ተባለ።

ቀጥሎ ስማቸው በሸክላው ልባስ ላይ የማይነበብ ሰዎች ሥራ መጣ። ቃኚዎቹ ፒያኖው ላይ ጎንበስ ብለው ለሰዓታት ሠሩ። ሽቦ ያጠብቃሉ፣ መዶሻ ያስተካክላሉ፣ ፔዳል ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። የፒያኖ ቃኚ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት አሰልቺ ነው፤ አንዱን ቁልፍ ሃያ ጊዜ መምታት፣ ጆሮ መጣል፣ ሽቦዋን በፀጉር ስፋት ማዞር፣ እንደገና መምታት። ሆኖም ቃኚ የተዛባውን ያቃናል እንጂ የሌለውን ድምፅ አይፈጥርም። ፒያኖው ተቃኘ፤ ትንሽነቱ ግን እዚያው አለ፣ የቤዙ፣ የወፍራሙ ድምፅ፣ ድካምም እዚያው አለ።

ጃሬት እራቱን እንኳ በወጉ አልበላም። ምግብ ቤት ገብቶ ያዘዘው በስሕተት ዘግይቶ መጣ፤ ጥቂት ጉርሻ ቀምሶ ተነሣ።

ደወሉ የጮኸው እንግዲህ ያኔ ነው። አያችሁ፣ ተመለስኩላችሁ።

የኮሎኝ ኦፔራ ቤት ደወል እንደ ትምህርት ቤት ደወል አንድ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ አልነበረም። የራሱ አጭር ዜማ ነበረው። ጃሬት ወጣ፣ ተቀመጠ፣ እጁን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ድምፆች ሲወጡ የደወሉ ዜማ ሆነው ወጡ። ከመቀመጫቸው ያሉት ሰዎች ቶሎ ገባቸው። ያ ጆሯቸው ለዓመታት የናቀው ደወል፣ ተጣርቶ ብቻ ዝም የሚለው ደወል፣ ድንገት ሙዚቃ ሆኖ መጣ። ሳቁ። በቅጂው መጀመሪያ ላይ ጆሮ ለሰጠ ሰው ያ ሳቅ ይሰማል።

እኔን ከዚህ ሁሉ ታሪክ አጥብቆ የሚይዘኝ ይህ ቦታ ነው። ሰው ስለ ኮሎኝ ኮንሰርት ሲያወራ አብዝቶ የሚያነሣው የጃሬትን ጣት ነው። እኔ የማስበው ጆሮውን ነው። ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ወገቡ ይጠዘጥዘዋል፣ የማይወደው ፒያኖ ፊት ተቀምጧል፤ በዚህ ሁሉ መሐል ደወሉን ሰምቷል። ለሚሠራው ሥራ ከውስጡ ምንም ይዞ አልመጣምና በዙሪያው ካለው ነገር ጀመረ። አዳራሹ የሰጠውን ተቀብሎ መልሶ ለአዳራሹ ሰጠ።

ቀጥሎ ደግሞ ፒያኖውን ሰማ።

ቀረብ ብለን እንየው። ወፍራሙ ድምፅ ጉልበት የለውም ብያችኋለሁ። ጤነኛ ፒያኖ ላይ ቢሆን ተጫዋቹ በግራ እጁ አንድ ወፍራም ድምፅ ይመታል፤ ድምፁ እያስተጋባ ይቆያል፤ ቀኝ እጁ በዚያ ላይ እንደ ልቡ ይመላለሳል። በዚህ ፒያኖ ይህ አይሆንም፤ ድምፁ ይሰጥማል። ታዲያ ጃሬት ምን አደረገ? በግራ እጁ አጭር ሐረግ ያዘና ደጋገመው። ድምፁ ሳይሰጥም መልሶ ይመታዋል፤ ሊሰጥም ሲል ደግሞ ይመታዋል። አንድ ከባድ ምት የሚሰጠውን ክብደት በብዙ ትናንሽ ምቶች አከማቸው። እንደ ከበሮ ነው የሆነው፤ ወረብ ላይ ከበሮው ጥድፊያ ሳያሳይ አንድ መንገድ ይዞ ሲሄድ፣ ካህናቱም በዚያ ላይ እየሞቁ እየሞቁ ሲመጡ እንደምናየው።

በቀኝ በኩል ያለው ጫፍም ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ወደዚያ አላበዛም። ወደ መሐል መጣ፤ ፒያኖው ደህና ድምፅ ያለው እዚያ ነው። ዜማውን የሰው ጉሮሮ በሚደርስበት ክልል ውስጥ አቆየው። ብዙዎቻችን የኮሎኝን ኮንሰርት ስንሰማ አብረን የምናንጎራጉረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ከድምፃችን ርቆ አይሄድም። አይሸርም በኋላ እንደተናገረው፣ ጃሬት እንደዚያ የተጫወተው ፒያኖው ጥሩ ስላልነበረ ሳይሆን አይቀርም።

ባለቅኔው ልክ አለው ብዬ አልነበር? የጃሬትን ልክ ያ ፒያኖ ሰጠው። እዚህ ድረስ እንጂ ከዚህ አትለፍ አለው። እሱም በተሰጠው ቤት ውስጥ ገብቶ ተቀኘ።

የመጀመሪያው ክፍል 26 ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ ወደ 12 ደቂቃ የሚጠጋውን የሚመላለሰው በሁለት ኮርዶች፣ አብረው በሚመቱ ሁለት የድምፅ ስብስቦች፣ መሐል ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ። አሥራ ሁለት ደቂቃ በሁለት ኮርድ! በወረቀት ላይ ብታዩት ድህነት ይመስላችኋል። ሲሰማ ግን አንዴ ቀስ ብሎ፣ ጊዜን ለቆ፣ እንደ ሰው ትካዜ ይሄዳል፤ አንዴ ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሞቅታ ውስጥ ይገባል፣ እግር ያስመታል። በክፍሉ መጨረሻ ስድስት ደቂቃ ያህል ብርሃን የወጣ ይመስላል።

ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር ግራ እጁ እንደገና አንድ ምት ይዞ ስምንት ደቂቃ ያህል አይለቅም። ቀኝ እጁ ይዘላል፣ ይጫወታል፣ ይስቃል። እዚህ ቦታ የጃሬት የራሱ ድምፅ ይሰማል፤ ያቃስታል፣ ያንጎራጉራል፣ አንዳንዴም ይጮኻል። አንዳንድ ሰው ይህ ድምፁ ያውከዋል። እኔ ግን ከዚያ ባዕድ ነገር አልሰማም። አንጥረኛ መዶሻውን ሲያነሣ፣ ገበሬ ሞፈሩን ሲጫን የሚወጣው ድምፅ ነው፤ የሥራ ድምፅ ነው። ወንበሩ ላይም አይቀመጥም፤ ይነሣል፣ ፒያኖው ላይ ይጎነበሳል፣ ያ የታመመ ወገብ ሁሉንም ይችላል።

በመጨረሻ ሕዝቡ በጭብጨባ ሲያስገድደው ተመልሶ ሰባት ደቂቃ ያህል የሚሆን ዜማ ጨመረ። ሐቁን ለመናገር ይህ መጨረሻው እዚያው የተፈጠረ አልነበረም፤ ጃሬት ቀደም ብሎ የደረሰው ዜማ ነው። ባዶ እጁን የወጣ ሰው ሲሰናበት ከቤቱ ያመጣትን አንዲት ስጦታ ትቶ እንደ መሄድ ነው።

ዊላንድ ይህን ሁሉ ቀረጸ። ባይቀረጽ ኖሮ ዛሬ የዚያ ሌሊት ወሬ በኮሎኝ ሽማግሌዎች አፍ ብቻ ይቀር ነበር። በዚያው በ1975 ኢ.ሲ.ኤም. በሁለት ሸክላ አሳተመው። ልባሱ ላይ ያለው ጃሬት ነው፤ አንገቱን ደፍቶ፣ የሚሠራውን እጁን ሳይሆን የሚመጣውን ነገር የሚያዳምጥ ይመስላል። አልበሙ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከቤት ወደ ቤት ሄደ። ጃዝ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ገዛው። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን ተኩል ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ በጃዝ ታሪክ አንድ ሰው ብቻውን ከተጫወታቸው አልበሞች ይህን ያህል የተሸጠ የለም።

እኔ ጋ የደረሰው ከካሴት ላይ በተቀዳ ካሴት ነው። የተማሪነት ዘመኔ ነው፤ አንድ ወዳጄ “ማታ፣ ሰው ሲተኛ ስማው” ብሎ ሰጠኝ። ምንም ጽሑፍ አልነበረበትም፤ ተጫዋቹ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀረጸ አላውቅም። ፒያኖ ለብቻው ሲናገር ለጆሮዬ እንግዳ አልነበረም። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ አውቅ ነበር፤ የእሳቸውም ሸክላ በ1960ዎቹ የታተመው እዚያው ጀርመን ነው። የእማሆይ ዜማ ግን አስቀድሞ ተደርሶ ያለቀ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ካሴቱ ላይ ያለው ሰው ደግሞ መንገዱን እየሄደ የሚያበጅ ነበር። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ሲመጡ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይሉብኛል። ካሴቴ ስላረጀ መሰለኝ፤ የቴፑን ራስ በአልኮል ጠረግሁ፣ ድምፁን ቀነስሁ፣ ጨመርሁ። አልለቀቀም።

ከብዙ ዓመት በኋላ የፒያኖውን ታሪክ ሳነብ ብድግ አልሁ። ጉድለቱ የካሴቴ አልነበረም! ያ ድምፅ ከኮሎኝ መድረክ ጀምሮ፣ ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት ሲሻገር ሳይጠፋ እኔ አልጋ ራስጌ ድረስ የመጣ ነው። ያን ሌሊት በአልኮል ጠርጌ ላጠፋው የሞከርሁት፣ ሙዚቃውን ያን ሙዚቃ ያደረገውን ነገር ነበር።

ጃሬት ራሱ በዚህ አልበም ዝና ብዙም አልተደሰተም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ሠርቷል፤ ከኮሎኝ በሚቀጥለው ዓመት በጃፓን ከተሞች ብቻውን የተጫወተው አሥር ሸክላ ወጥቶታል። ሰው ግን “ኮሎኝ፣ ኮሎኝ” ይለዋል። ፒያኖ ተማሪዎች ደግሞ ኖታው ተጽፎ ይሰጠን አሉ። ጃሬት ለረጅም ጊዜ እምቢ አለ። እዚያው ተፈጥሮ እዚያው ያለፈን ነገር በወረቀት አስሮ መድገም የነገሩን ነፍስ መንሳት መሰለው። በመጨረሻ በ1991 ኖታው ሲታተም አንድ ነገር አስጠነቀቀ፤ ወረቀቱና ቅጂው ካልተስማሙ ዳኛው ቅጂው ይሁን፣ ወረቀቱን ሳይሆን ድምፁን ስሙ አለ። እውነቱን ነው። ወረቀት ጣቱ የት እንዳረፈ ይነግራል፤ ጆሮው ምን እንደሰማ ግን አይነግርም። ያን ኖታ ዛሬ ምርጥ ኢምፔሪያል ላይ ቢጫወቱት፣ ግራ እጁ ለምን እንደዚያ እንደሚደጋግም ፒያኖው አይነግራቸውም።

አሁን የታሪኩ ከባድ ቦታ ላይ ደርሻለሁ።

በ1996 ጃሬት ሰውነትን አዝሎ የሚጥል ሕመም ያዘው፤ ለረጅም ጊዜ ፒያኖ መንካት አቃተው። ሲያገግም ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰው የሚያውቃቸውን ዜማዎች ለስለስ አድርጎ ለባለቤቱ ስጦታ ቀረጸ። ያ አልበም በ1999 ወጣ። ወደ መድረክም ተመለሰ፤ እስከ 2017 ድረስም ተጫወተ። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ኒው ዮርክ ካርኔጊ ሆል ውስጥ ብቻውን ከተጫወተ በኋላ በሕዝብ ፊት አልታየም። ምክንያቱ የታወቀው በ2020 ነው። በ2018 ሁለት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪና በሜይ፣ ስትሮክ መትቶታል። በሕይወት ተርፏል፤ በብዙ ጥረትም ቆሞ መሄድ ቻለ። ግራ እጁ ግን አልተመለሰም።

ግራ እጁ። የኮሎኝ ሌሊት ደካማውን ቤዝ ተሸክሞ ያደረው፣ ሊሰጥም ያለውን ድምፅ እየደጋገመ ያነሣው፣ ስምንት ደቂቃ ሙሉ አልለቅም ያለው ያ እጅ። ዛሬ ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ የሚጫወተው በቀኝ እጁ ብቻ ነው። ይህን ባወቅሁ ማግስት አልበሙን አውጥቼ ሁለተኛውን ክፍል ከፈትሁ። ለሃያ ዓመት ቀኝ እጁን ስከተል የኖርሁ ሰው፣ ያን ቀን ግራውን ብቻ ሰማሁ። ምንም አያጌጥም። ምንም አያሳይም። ይመላለሳል፣ ይመላለሳል፤ ቀኙ እንዲዘል ሥሩን ይይዝለታል።

እንግዲህ ትረካዬን እዚህ ላይ ላብቃ። እናንተም ይህን ሙዚቃ የምታገኙበት መንገድ አይጠፋም። ማታ፣ ቤቱ ጭር ሲል ክፈቱት። አምስቱ ድምፆች ሲመጡ ደወሉን አስታውሱ፤ ወዲያው የሚሰማውንም የሰዎቹን ሳቅ አትለፉት፤ ዛሬ ያረጁ የኮሎኝ ወጣቶች ናቸው የሚስቁት። ከሳቁ በኋላ የቆርቆሮውን ድምፅ ስትሰሙ ማጫወቻችሁን አትውቀሱ፤ ያ ትንሹ ፒያኖ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ጆሯችሁን ጣሉና እጁን ተከተሉት።